የሁሴኖ ካርድ

አልጣሽ ውሸት ስትጽፍ እንኳ እጅ ጽሑፏ አይበላሽም። አሰላ ላይ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቸውን በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት አለቆቿ ሲጽፉ ዶሮ የጫረው አመድ ይመስላል። እሷ ግን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ፣ የቀረውን ሌሎች አንብበው ከጣሉት መጽሐፍ ለቃቅማ ራሷን ያስተማረች ልጅ፣ ፊደል ስትጥል ጥልፍ የምትጠልፍ ነው የምትመስለው። ይህንንም ታውቀዋለች፤ ማወቋም ፊቷ ላይ ይነበባል። የሥራ ባልደረቦቿ "እጇ ሐር፣ አፏ ምላጭ" ይሏታል። ስትሰማ ደስ ይላታል።

በሃያ አራት ዓመቷ ጤና ረዳት ሆናለች፤ ሥራዋ ሕፃናት መመዘን ነው። በወር አንድ ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር እስከ በቆጂ፣ ከበቆጂ በላይ ደግሞ በፈረስ ወጥታ ቡርቃ ጉራቻ ትደርሳለች። ቡርቃ ጉራቻ ባለፈው ዓመት በመንደር ምሥረታ የተቆረቆረ ነው። ገበሬዎቹ በየሸንተረሩ የነበረ ቤታቸውን አፍርሰው፣ በገመድ በተለካ መስመር፣ በሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ በሚያይ ቤት እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። ሰዎቹ መጡ፤ ውሾቹ ግን አልመጡም። ጎትተው ቢያመጧቸውም አምልጠው ይመለሱና የፈረሰው ቤት ምድጃ ላይ ይተኛሉ። ጉም ሲወርድ ከሸለቆው ማዶ ይጮኻሉ። ሰው በሌለበት ቀዬ ማንን እንደሚጠብቁ እንጃ።

አልጣሽ እዚያ ስትደርስ ሚዛኗን የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በረንዳ አግዳሚ ላይ ትሰቅላለች። ክብ ፊት፣ አንድ ቀይ መርፌ፣ ከሥሩ መንጠቆ። ሕፃኑን ከአቡጀዲ በተሰፋ ሱሪ ውስጥ ታስገባና ታንጠለጥለዋለች፤ ይንፈራገጣል፣ ይጮኻል፣ መርፌው ተንቀጥቅጦ ይቆማል። የቆመበትን ቁጥር ካርዱ ላይ በነጥብ ታኖርና ካለፈው ወር ነጥብ ጋር በመስመር ታያይዘዋለች። ካርዱ ላይ ሁለት የታተሙ መስመሮች አሉ። በሁለቱ መካከል የሚሄድ ልጅ ደህና ነው። ከታችኛው መስመር በታች የወደቀ ግን ስሙ ዝርዝር ውስጥ ይገባና እናቱ ፋፋ የሚባለውን የሕፃናት አልሚ ዱቄት ትቀበላለች።

ካርዶቹ ታዲያ እናቶች ቤት አይቀመጡም። ጭስ ያጠቁራቸዋል፣ ልጅ ይቀዳድዳቸዋል ተብሎ አሰላ፣ የመሥሪያ ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚቆለፍባቸው። የፋፋው ዝርዝርም የሚወጣው ከካርዶቹ እንጂ ከልጆቹ አይደለም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ወልደጻድቅ፣ ሆዱ ላይ መቆለፍ ካቆመ ሁለት ዓመት ያለፈው ካኪ ኮት የሚለብስ ሰው ነበር። በአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ መሠረት ከክፍሉ ሦስት ነገር ይጠበቃል፤ የተጎዱ ሕፃናትን ቁጥር ከመቶ አርባ ወደ አምስት ማውረድ፣ ሰፊውን ሕዝብ አካላዊ እንቅስቃሴ ማስለመድ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትን መከላከል። ለሁለተኛው ግብ ሲባል ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ይሮጣል፤ ወልደጻድቅ ፊሽካ ይዞ ዳር ይቆማል። መመሪያው ቡርቃ ጉራቻም ደርሶ፣ ውሃ ለመቅዳት ሁለት ሰዓት ዳገት የሚወጡ ሴቶች እንስራቸውን ከማንሣታቸው በፊት እጃቸውን እያወናጨፉ እንዲዘሉ ተደርጓል። ሦስተኛው ግብ በሪፖርቱ ቅጽ ላይ "ከመጠን በላይ የወፈሩ" የሚል ዓምድ አለው። በየሩብ ዓመቱ ባዶውን ይሄዳል።

"እዚህ ዓምድ ውስጥ የሚገባ ሰው እኮ አለን" አለች አልጣሽ አንድ ቅዳሜ እየሮጠች፣ ባለ ፊሽካውን በዓይኗ እያሳየች።

አብራት የምትሮጠው ትርፌ ሳቋን በእጇ አፈነች። "ዝም በይ አንቺ! ይቺ ምላስሽ አንድ ቀን ጉድ ታፈላብሻለች።"

ጉድ ያፈላባት ግን ምላሷ አልነበረም። እጇ ነው።

የሰባ ስምንት ዓ.ም. ክረምት የከፋ ነበር። ከበቆጂ በላይ ያለው መንገድ ረግረግ ሆነ፤ ፈረስ እስከ ደረቱ ይሰምጣል። አልጣሽ ሐምሌን ሳትወጣ ቀረች። በወሩ መጨረሻ ወልደጻድቅ የቡርቃ ጉራቻን አርባ አንድ ካርዶች አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ቆለለ።

"ሪፖርቱ ለአብዮት በዓል መድረስ አለበት።"

"ልጆቹ ሳይመዘኑ?"

"ልጆቹን ታውቂያቸው የለም እንዴ? ሕፃን በወር ስንት ይጨምራል?"

"ከበላ፣ ስድስት ሰባት መቶ ግራም።"

"ይበላል። ዕቅዱ ይበላል ነው የሚለው። እስከ መስከረም መስመሩን ቀጥይው በቃ፤ መንገዱ ሲከፈት ወጥተሽ ታረጋግጫለሽ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለትርፌ ያልሰጠሁት ለምን ይመስልሻል? ሁሉንም ልጅ አንድ ዓይነት ታደርገዋለች፤ ያስታውቃል። ይሄ ያንቺ እጅ ያስፈልገዋል።"

ቢያስፈራራት እምቢ ትለው ነበር። አሞገሳት።

ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጣ ጻፈች። አንዱን ልጅ ነሐሴ ላይ ትንሽ አወረደችው፣ ጉንፋን ይዞታል ብላ። ሌላዋን ጥርስ አስበቀለቻት፤ ምግብ እምቢ አለች፣ ከዚያ አገገመች። ሰው እንዳይጠረጥር ሁለቱን ከታችኛው መስመር በታች ተወቻቸው። ስትጨርስ ልጆቹ እየወደቁ እየተነሡ ሽቅብ ሲወጡ አይታ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ኮራች።

ሁሴኖ ላይ ስትደርስ ብቻ ቆም አለች። የራቢያ ልጅ ነው። ሰኔ ላይ ስድስት ወሩ ነበር፤ አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ፣ ከመስመሩ በታች። ሌሎቹ ሱሪው ውስጥ ተንጠልጥለው ሲጮኹ እሱ ዝም ብሎ አየት አደረጋትና ብዕሯን ያዘባት። አልለቅም አለ። አንድ በአንድ ጣቱን ፈልቅቃ ነው የወሰደችው። ስለወደደችው አደላችለት፤ ሐምሌ ስድስት ከሁለት፣ ነሐሴ ስድስት ከዘጠኝ፣ መስከረም ሰባት ከአምስት።

"ውፈርልኝ እንግዲህ" አለችው፣ ለካርዱ።

በነሐሴ መጀመሪያ የቡርቃ ጉራቻ ሰዎች ፈረስ ባልወጣበት ጭቃ በእግራቸው ወርደው ፋፋውን በትከሻቸው ሊያወጡ መጡ። በሰኔው ዝርዝር አሥራ ሰባት ስም ነበር። አሁን ሁለት ነው። ሁለት ከረጢት ተሸክመው ተመለሱ።

መንገዱ የተከፈተው ጥቅምት ላይ ነው። አልጣሽ ቡርቃ ጉራቻ ስትደርስ ረፋድ ቢሆንም ጉሙ አልተነሣም ነበር፤ ከቤቶቹ መስመር የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ፣ የቀረውን ነጩ ነገር ውጦታል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሀሰኖ የፈረሱን ልጓም ያዘላት። ሌላ ጊዜ ከሩቅ "ዶክተር! አካም?" ብሎ የሚጮኽ ሰው ነው። ዛሬ አንገቱን ደፍቷል።

"ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ኦቦ ሀሰኖ?"

"ደህና ናቸው ብላችሁ ጽፋችሁ የለ?" አላት።

እናቶቹ ተሰልፈው ጠበቋት። ሌላ ጊዜ ከሩቅ የሚሰማው የሕፃናት ጩኸት ዛሬ የለም። የመጀመሪያዋን ልጅ ከእናቷ ተቀብላ ሱሪው ውስጥ ስታስገባ ክንዷን ጨበጠች፤ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ተገናኝተው ተላለፉ። የክረምት እንጨት የመሰለ ክንድ። አንጠለጠለቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም።

መርፌው ስምንት ኪሎ ከሁለት መቶ ላይ ቆመ።

አልጣሽ ሚዛኑን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ስምንት ከሁለት። ካርዱን አወጣች። የመስከረሙ የውሸት ነጥብ ሰባት ከስድስት ላይ ነው፤ መስመሩን በእጇ ብትቀጥለው ጥቅምት ላይ የሚያርፈው ስምንት ከሁለት ላይ ነበር። ልጅቷን አውርዳ ባዶውን ሚዛን አየችው፤ ዜሮ። ሁለተኛውን ልጅ ሰቀለች። ሆዱ ተነፍቷል፣ ጸጉሩ እንደ በቆሎ ጢም ቀልቷል። መርፌው እሷ ባሰበችለት ቦታ ላይ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ቆመ። ሦስተኛውም። አሥረኛውም። የፈጠረችለት ጉንፋን ያደረበት ልጅ ጉንፋኑ የቀነሰውን ያህል ቀንሶ፣ ጥርስ ያስበቀለቻት ልጅ ጥርሱ የቀነሰባትን ያህል ቀንሳ። አጥንትና ቆዳ የሆኑ ልጆች አንድ በአንድ ዝም ብለው ተንጠለጠሉ፤ ሚዛኑም አንድ በአንድ ወፍረዋል አለ።

ከሰልፉ መጨረሻ ራቢያ መጣች።

ጎንበስ ብላ አዝላለች። ሴቶቹ ሳያዩዋት መንገድ ለቀቁላት። ራቢያ ጀርባዋን ዞራ ማዘያውን ፈታች፣ በጥንቃቄ፣ የተኛ ልጅ እንደሚወርድ። ውስጡ ምንም አልነበረም።

አልጣሽ የወደቀ መስሏት መሬቱን አየች።

ራቢያ ግን ሱሪውን ከእጇ ወሰደችና አንድ እግር አስገባች። ሌላውን እግር አስገባች። የሌለውን አንገት በመዳፏ ደግፋ ቀና አደረገችው። መንጠቆው ላይ ስታንጠለጥለው አቡጀዲው ቁልቁል ተወጠረ፣ መርፌው ተነሣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ስምንት ኪሎ ከአንድ መቶ ላይ ቆመ። ባዶው ሱሪ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። አልጣሽ ሳታስበው ተጠጋች። አንድ ነገር ብዕሯን ከጣቶቿ መካከል ሳብ አደረገው። በኃይል አይደለም። በሕፃን ጉልበት።

ወደ ኋላ ዘለለች።

"ጻፊ" አላት ሀሰኖ፣ ወደ ሚዛኑ ሳያይ።

"ሁሴኖ የት አለ?"

ሴቶቹ ዓይናቸውን ወደ ራቢያ አዞሩ።

"ራቢያ! ልጅሽ የት አለ?"

"ነሐሴ አሥራ አራት ሞተ" አለች ራቢያ። ድምፅዋ የሚያስገርም ጸጥታ ነበረው። "ፋፋው ቀረበት፣ ተቅማጥ ያዘው፣ ሞተ። ማዶ ቀበርነው፣ በድሮው ቤት። ውሾቹ ካሉበት።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የምታውቁ እናንተ።"

የነገሩን ሥር የነገራት ሀሰኖ ነው። መስከረም ላይ ከአሰላ ደብዳቤ መጣ፤ ሁሴኖ የወረዳው ሞዴል ሕፃን ሆኖ ተመርጧል፣ ሰባት ኪሎ ተኩል ገብቷል ይላል። በስብሰባ ላይ ተነበበ። ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ተነገረውና አጨበጨበ።

"እኔ ተነሣሁ" አለች ራቢያ። "ሞቷል አልኩ። ደብዳቤው ማኅተም አለው አሉኝ። ከስብሰባ ስመለስ ጀርባዬ ከበደኝ። እጄን ብሰድ፣ ማንም የለም። ግን ይከብዳል።"

"ስሙን እሰርዘዋለሁ" አለች አልጣሽ። "አሁኑኑ።"

"ዋላሂ እንዳትነኪው!" ራቢያ ሱሪውን በሁለት እጇ አቀፈችው። "አንዴ ቀብሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ አልቀብርም።"

አልጣሽ ስምንት ከአንድ ብላ ጻፈች፤ ፈረመችም። ከሰልፉ አንዷ እናት "ፋፋውስ፣ ዶክተር?" ስትላት ካርዶቹን ሰብስባ አሰረች። ፋፋ የሚሰጠው ሚዛኑ ለመሰከረለት ነው። ሚዛኑ ደግሞ የሚመሰክረው ለእሷ ውሸት ነው።

አሰላ እንደተመለሰች በቀጥታ ሱቅ ሄዳ አሥር ኪሎ ስኳር ተውሳ ሚዛኑ ላይ ሰቀለች። አሥር ኪሎ። ሚዛኑ ጤነኛ ነው።

ሁሉንም ለትርፌ ነገረቻት። ትርፌ ካርዶቹን በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገቻቸው፣ እንደሚያቃጥል ነገር።

"የጻፍሽውን ሰርዢዋ!"

"አንዱን ስሰርዝ ሌላው ይመዘዛል። አርባ አንዱም ውሸት ነው፣ ትርፌ። በዚህ ጊዜ ሐሰተኛ ሰነድ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። አሻጥር ነው የሚባለው።"

"ካልሰረዝሽስ?"

አልጣሽ መልሱን በጣቶቿ ጨብጣዋለች፤ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ የተገናኙበት ክንድ። ካልሰረዘች እስከ ገና ድረስ ስንቱ ልጅ በባዶ ማዘያ ይመጣ ይሆን?

በማግስቱ ወልደጻድቅ ቢሮ ገባች። እሱ ደግሞ ደስ ብሎት ጠበቃት፤ ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ጓድ መጥተው ሞዴሉን ሕፃን በዓይናቸው ሊያዩ ነው።

"ጓድ፣ ልጁ ሞቷል።"

ወልደጻድቅ ብዕሩን አስቀመጠ። "መቼ?"

"ነሐሴ አሥራ አራት።"

የሁሴኖን ካርድ አውጥቶ ዘረጋው። "ነሐሴ ላይ ስድስት ከዘጠኝ ነው። መስከረም ሰባት ከአምስት። ጥቅምት ላይ ራስሽ ወጥተሽ መዝነሽ ስምንት ከአንድ ብለሻል፤ ይኸው ፊርማሽ። የሞተ ልጅ ይጨምራል እንዴ?"

"የጻፍኩት እርስዎ ቀጥይ ብለውኝ ነው!"

"እኔ የጻፍኩት ነገር የታለ?" አለ፣ በእውነት የሚፈልግ ይመስል ካርዱን እያገላበጠ። ከዚያ ፊቱ በራ። "ይልቅ አንድ ነገር ላማክርሽ። ሦስተኛው ዓምድ ሁልጊዜ ባዶ ይሄዳል ተብለን ተወቅሰናል። መከላከል ካለብን የምንከላከለው ውፍረት መኖር አለበት፤ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ቀነስነው ማለት እንችላለን። ይሄ ልጅ እንደሆነ ጀምሮታል።" ቀይ ብዕር አነሣና ከጥቅምቱ ነጥብ ተነሥቶ ሽቅብ፣ ከላይኛው መስመርም በላይ አሳለፈው። ኅዳር፣ አሥራ ሁለት ኪሎ። "አሁን ጻፍኩ። ደስ አለሽ?"

አስቀያሚ መስመር ነበር። አልጣሽ እንዲህ ያለ አስቀያሚ መስመር አይታ አታውቅም።

ኅዳር አሥራ ሰባት ቀን ተያይዘው ወጡ፤ ወልደጻድቅ በሁለት ሰው ተደግፎ ፈረስ ላይ ወጥቶ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገው እንግዳ ካሜራ አንግቶ፣ ከኋላ ደግሞ ለፎቶግራፍ የሚደረደር ሃያ ከረጢት ፋፋ የጫኑ የማኅበሩ ፈረሶች። አልጣሽ ሚዛኑን ታቅፋ ነበር። ጉሙ ያው ነው። ማዶ ውሾቹ ይጮኻሉ።

"ውሾቹ ምን ሆነው ነው?" አለ እንግዳው።

"ቤት ይጠብቃሉ" አለው ሀሰኖ።

ራቢያ ዛሬ ከሰልፉ ፊት ነበረች። በአርባ ቀን ውስጥ ያረጀች መሰለች። ወገቧ ለሁለት ታጥፎ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች፣ በዚያ ብርድ ላብ ከአገጯ እየተንጠባጠበ መጣች። በረንዳው ላይ ስትወጣ ጣውላው ጮኸ። አልጣሽ ልትደግፋት ስትጠጋ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች።

"በአንድ ቀን ከበደ፣ ዶክተር። ከስብሰባው ቀን ይብሳል። እንጀራ አይወርድልኝም፣ እሱ ይወፍራል። እስከ መቼ ነው የምትጨምሩበት?" እስትንፋሷ ተቆራረጠ። "ሁለት ጊዜ አልቀብርም ብዬሽ ነበር። አሁን አውርጂልኝ። በአላህ አውርጂልኝ።"

ማዘያውን ለብቻዋ መፍታት አቃታት። ሁለቱ ሆነው አወረዱት። አልጣሽ ባዶውን ጨርቅ ስትቀበል ክንዷ ወደ ታች ተጎተተ፤ ለብ ያለ ነበር። አንድ እግር። ሌላ እግር። መንጠቆው ላይ ሲሰቀል አግዳሚው ሲጢጥ አለ፣ መርፌው ዞሮ ዞሮ አሥራ ሁለት ላይ ቆመ።

ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወልደጻድቅ አፉን ከፍቶ ባዶውን ሱሪ አየ፤ ቀይ ብዕሩ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ደረቱን በእጁ ያዘ። እንግዳው ግን ተጠግቶ የሚዛኑን ፊት በመነጽሩ አነበበ።

"አሥራ ሁለት" አለ፤ ማስታወሻው ላይም አሰፈረው። "በጣም ጥሩ። ከመጠን በላይ ነው እንዲያውም።" ሱሪውን አላየም። ቁጥሩን ነበር ሊያይ የመጣው፣ አየ። ካሜራውን አነሣና ሚዛኑን ፎቶ አነሣ።

አልጣሽ በዚያች ቅጽበት የገባት ይህ ነው፤ ማንም አያድንም። ሰውየው ባዶ ሱሪ ፊት ቆሞ ካላየ ማንም አያይም። ያየችው እሷ ናት፤ የጻፈችውም እሷ ናት።

የሁሴኖን ካርድ አውጥታ ብዕሯን አሳረፈችበት። ብዕሩ አልሄደም። አንድ ነገር ጫፉን ይዞታል፣ እንደ ሰኔው፣ አልለቅም ብሎ።

"ልቀቀኝ የኔ ጌታ" አለችው በቀስታ። "ይቺን ብቻ ልጻፍልህ።"

ጠበቀች። አንድ በአንድ፣ ጣት የሚላቀቅ በሚመስል ሁኔታ፣ ብዕሩ ተለቀቀ። በሕይወቷ ጽፋው በማታውቀው ንጹሕ ፊደል ጻፈች፦ "ሁሴኖ ነሐሴ ፲፬ ቀን ሞቷል። ከሰኔ ወዲህ ያለው ነጥብ ሁሉ ውሸት ነው። እኔ አልጣሽ ጽፌዋለሁ።" ከሥሩ ፈረመች።

መርፌው ወደቀ። ዜሮ። ሱሪው ጨርቅ ሆነ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ወልደጻድቅ።

አልጣሽ የሚቀጥለውን ካርድ አወጣች፤ "ከሰኔ ወዲህ ያለው ውሸት ነው።" የሚቀጥለውን። የሚቀጥለውን። እሷ ስትጽፍ ሀሰኖ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ያችን የመጀመሪያዋን ልጅ አንሥቶ መንጠቆው ላይ ሰቀላት። ጥቅምት ላይ ስምንት ከሁለት የነበረችው ልጅ አምስት ኪሎ ከሦስት መቶ ሆነች። መርፌው ሲቆም ልጅቷ አፏን ከፍታ ጮኸች። ከዚያ ሁለተኛው ጮኸ። ከዚያ ሰልፉ በሙሉ፣ አርባ ሕፃን፣ ወራት ሙሉ የታፈነ የሚመስል ጩኸት አወጣ። አልጣሽ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ጩኸት ሰምታ አታውቅም።

ራቢያ ቀስ እያለች ቀና አለች። እጇን ወደ ጀርባዋ ሰደደች። ዳበሰች። እንደገና ዳበሰች። ከዚያ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና አነባች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ስሙን እየጠራች። ለቅሶው ከቤት ቤት ሄደ፣ ሴቶቹ እየተቀባበሉት ጉሙ ውስጥ ገባ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ እንግዳው፣ ደብተሩን አጥፎ።

"ለቅሶ ነው" አለችው አልጣሽ። "ሦስት ወር ዘግይቶ ነው።"

ሀሰኖ ለፎቶ የመጣው ሃያ ከረጢት የታሰረበትን ጠፍር በቢላ ቆረጠው። ማንንም አላስፈቀደም፤ የሚከለክለውም አልነበረም። ወልደጻድቅ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቀይ ብዕሩን መዳፉ ላይ አድርጎ የሚመዝነው ይመስል ከፍ ዝቅ ያደርገው ነበር።

አልጣሽ ቁልቁል ስትወርድ ከማዶ የሚጮኽ ውሻ አልነበረም። ጉሙ ውስጥ ውሾቹ በመስመር፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፣ ወደ አዲሱ መንደር ሲወጡ አየቻቸው። ፈረሷ ደንግጦ ዳር ያዘላቸው።

በሦስተኛው ቀን አሰላ ላይ ተጠርታ ቃልሽን ስጪ ተባለች። ቃል ተቀባዩ መጻፍ ሲጀምር አልጣሽ በትከሻው ላይ አይታ አላስቻላትም።

"አምጣው ወዲህ" አለችው። "አመድ ላይ አይደለም የምትጽፈው። የራሴን ራሴ እጽፈዋለሁ።"

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ሐምሌን ጻፈች፣ ሦስቱን ቀን ጻፈች፣ ጉንፋኑንና ጥርሱን ሳይቀር ጻፈች። የሁሴኖን ስም ልትጽፍ ስትል ብዕሯን አንሥታ ቆም አለች። የሚስበው አልነበረም። ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ጻፈችው።